ብስክሌቷ ተሰረቀች፤ ጋላቢውስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስቱም ደብዳቤዎች ስለ ብስክሌት የሚያነሱ ናቸው። የመጀመሪያው ብዙ ጉዳይ የያዘ በመሆኑ መልሱም በዚያው ልክ ረዝሟል፤ የቀሩት ሁለቱ በአጭሩ ተመልሰዋል። ደብዳቤዎቹ ሐሳባቸው ሳይነካ ለቦታ ሲባል ተቀንሰዋል።

ጥያቄ፦

«ዕድሜዬ ስልሳን የተሻገረ ጡረተኛ ነኝ። በወጣትነቴ በአዲስ አበባ ለአንድ የሠራተኞች ክለብ በብስክሌት እወዳደር ነበር። ስሜ በጋዜጣ የወጣ ሰው አይደለሁም፤ ሥራዬ በአብዛኛው ከቡድናችን ፈጣን ልጅ ፊት ሆኖ ነፋስ መከለልና ጎማው ሲተነፍስበት የራሴን ቸርኬ ፈትቶ መስጠት ነበር። ውድድር ካቆምኩ በኋላ ግን ብስክሌቴን አልሸጥኳትም። የብረት ፍሬም ያላት፣ ውሃ ሰማያዊ ቀለሟ በየቦታው የተላጠ የጣሊያን ቢያንኪ ነበረች። ከአንድ አዛውንት መካኒክ ላይ በየወሩ ከደመወዜ እየከፈልኩ የገዛኋት ናት። ከግራው የማርሽ መቀየሪያዋ ጫፍ ላይ አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ቦታ ተፍቆ ጎድጉዶ ነበር፤ የቆዳ ኮርቻዋም ለእኔ እንጂ ለሌላ ሰው አይመችም ነበር። እሑድ ማለዳ እስከ ሱሉልታ ወይም እስከ ሰንዳፋ ደርሼ እመለሳለሁ።

ወደ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ከደረጃ ሥር በሰንሰለት አስሬ አቆማት ነበር። ባለፈው ክረምት ሌሊት ሰንሰለቷን ቆርጠው ወሰዷት። ለፖሊስ አመለከትኩ፤ ቃሌን የሚጽፈው ወጣት ‹አባባ፣ ግምቷ ስንት ይሆናል?› ሲለኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ባለቤቴ ‹ሰው የሞተብህ አስመሰልከው እኮ› ትለኛለች። ልጆቼ አዲስ እንግዛልህ ቢሉኝም እሺ ማለት አቃተኝ። ለመሆኑ ለአሮጌ ብረት ይህን ያህል ማዘን የጤና ነው? መፈለጌን ልቀጥል ወይስ ልተው? በሰው እጅ ባገኛትስ ሕጉ ምን ይለኛል? አዲስ ብገዛስ በዚህ ዕድሜዬ እንደገና መጋለብ ይሆንልኛል?»

ተ.ወ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

የተከበሩ አቶ ተ.ወ.፣ ለፖሊሱ ጥያቄ መልስ ያጡት ጥያቄው በአንድ ግምት የማይጠቃለሉ ሁለት ነገሮችን ስለሚነካ ይመስለኛል። ከእርስዎ ላይ የተወሰደው አንደኛ ከሰውነትዎ ጋር ለዓመታት የተለማመደ መሣሪያ ሲሆን፣ ሁለተኛ ደግሞ በወጣትነትዎ ምን ሥራ እንደሠሩ የሚመሰክር ብቸኛ ማስረጃ ነው። ሁለቱ በአንድ ሌሊት አብረው ስለሄዱ አንድ ሐዘን ሆነው ይሰሙዎታል፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ስለሆነ ለይተን እንያቸው።

ከሰውነትዎ ልጀምር። ብስክሌት ጋላቢ ብስክሌቱን የሚነካው በሁለት እጁ፣ በሁለት እግሩና በመቀመጫው ብቻ ነው። በእነዚህ አምስት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ሳይለወጥ ዓመታት ሲያልፉ ጉልበት፣ ወገብና ትከሻ ያንን ርቀት እንደ ተፈጥሮ ይቆጥሩታል፤ ኮርቻው በጥቂት ሚሊሜትር እንኳ ዝቅ ወይም ከፍ ቢል ልምድ ያለው ጋላቢ ወዲያው ያውቀዋል። ቱር ደ ፍራንስን 5 ጊዜ ያሸነፈው ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በፈረንሳይዋ ብሉዋ ከተማ የትራክ (በክብ መም ላይ የሚደረግ) ውድድር ላይ ወድቆ ዳሌውን ከተጎዳ በኋላ የሚመቸውን የኮርቻ ቁመት ፈልጎ ያገኘ አይመስልም፤ በውድድር መካከል እንኳ ኮርቻውን ከፍና ዝቅ ሲያደርግ ይታይ ነበር። ከአምስቱ ድሎቹ አራቱን ያገኘው ከዚያ አደጋ በኋላ ነው፤ ይሁን እንጂ ከውድቀቱ በፊት የነበረው ምቾት ፈጽሞ እንዳልተመለሰለት ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። የዓለምን ምርጥ ብስክሌት በፈለገው ጊዜ ሊያሠራ የሚችል ሰው እንዲህ ከሆነ፣ እርስዎ በአንዲት ብስክሌት ላይ ለዓመታት ያገኙትን ምቾት ሲያጡ ቢያዝኑ የሚያስገርም ነገር የለበትም። ስለዚህ «የጤና ነው ወይ?» ላሉት መልሴ አዎን ነው። እንቅልፍና ምግብ የሚከለክልዎት ከሆነ ግን ሐኪም ማማከሩ አይከፋም።

ይህኛው ኪሳራ ግን ተለክቶ ሊመለስ የሚችል ነው። እኔ እርስዎን ብሆን ብስክሌት ከመግዛቴ በፊት፣ ልጆቼ ስለ ዋጋ መነጋገር ከመጀመራቸውም በፊት፣ ልኬን በወረቀት አሰፍር ነበር። ባዶ እግርዎን ጀርባዎን ለግድግዳ ሰጥተው ይቁሙ፤ ደረቅ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በጭኖችዎ መካከል አስገብተው ኮርቻ ላይ እንደሚቀመጡ ያህል ወደ ላይ ይጫኑት፤ ከመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ እስከ ወለሉ ያለውን ርቀት ሌላ ሰው በሜትር ይለካልዎ። ቱር ደ ፍራንስን 3 ጊዜ ያሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ከአሠልጣኙ ከሲሪል ጊማር ተቀብሎ ባስተዋወቀው ስሌት መሠረት ይህ ቁጥር በ0.883 ሲባዛ ከፔዳሉ ዋና ዘንግ መካከል እስከ ኮርቻው የላይኛው ገጽ ሊኖር የሚገባውን ርቀት ይሰጣል። የእግርዎ ልክ 84 ሴንቲሜትር ቢሆን ውጤቱ 74 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ይኸው 84 በ0.67 ሲባዛ ደግሞ 56 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ የብረት ፍሬም መጠን ያመለክታል። ስሌቱ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ጉልበትዎ ነው። በተጨማሪ በጎን የተነሱት አሮጌ የውድድር ፎቶግራፍ ካለ አውጥተው ይመልከቱት፤ የቸርኬው ስፋት ስለሚታወቅ ከእሱ ጋር በማነጻጸር የኮርቻውንና የመሪውን ርቀት በግምት ማውጣት ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ በወጣትነትዎ መሪው ከኮርቻው በጣም ዝቅ ብሎ እንደነበር እገምታለሁ፤ ዛሬ ወገብዎ ያንን አይፈቅድልዎትምና መሪው ከኮርቻው ጋር እኩል ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከፍ ይበልልዎ።

ሁለተኛው ኪሳራ ይከብዳል። በደብዳቤዎ ውስጥ በዋዛ ያለፏት አንዲት ሐረግ አለች፤ ሥራዎ ነፋስ መከለል እንደነበር የገለጹባት። ብስክሌት ውድድርን በቅርብ የማያውቅ አንባቢ ይህን ዝቅተኛ ሥራ ሊያደርገው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ በሜዳ ላይ በፍጥነት የሚጋልብ ሰው አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያጠፋው አየሩን ለመግፋት ነው፤ ከሌላ ጋላቢ ጀርባ ተጠግቶ የሚሄደው ደግሞ ከፊቱ ካለው ሲነጻጸር እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ይቆጥባል። ስለዚህ ከሰንዳፋ ወይም ከደብረ ዘይት መልስ የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ ሜትሮች ሮጦ የሚያሸንፈው ልጅ ያንን ጉልበት ያገኘው እንደ እርስዎ ያሉት ከፊቱ ሆነው ነፋሱን ስለተቀበሉለት ነው። ዋንጫው ግን የእርሱ ነው፤ ፎቶግራፉም የእርሱ ነው፤ የውጤት ዝርዝሩም እርስዎን ከመጨረሻዎቹ ተርታ ያስቀምጥዎታል። አሸናፊው ብስክሌቱ ቢሰረቅበት ዋንጫው ከቴሌቪዥኑ በላይ ተቀምጦ ይቀርለታል፤ ለነፋስ ከላዩ ግን ያችው ብስክሌት ብቻ ነበረች። ባለቤትዎ ይህንን የምትረዳልዎ ይመስለኛል፤ በዚህ መልክ ገልጸውላት ያውቁ እንደሆነ አላውቅም እንጂ።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ የብስክሌት ስፖርታችን ታሪክ ከሩጫው ጋር ሲነጻጸር ገና አልተጻፈም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር፤ ከእነርሱ አንዱ የነበሩት ገረመው ደንቦባ በ1952 ዓ.ም. ወደ ሮምም ሄደዋል። በዚያው በሮም አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ሲያሸንፍ የዓለም ዓይን ሁሉ ወደ እርሱ ዞረ፤ ስለ ብስክሌተኞቹ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙም አልነበረም። ከዚያ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እስኪሆን ድረስ ስፖርቱ በሕዝብ ዘንድ እምብዛም አይወሳም ነበር። በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ባሉት አሥርተ ዓመታት ውስጥ በየክለቡ የጋለቡት፣ ጎማ የቀየሩት፣ ቸርኬ ፈትተው የሰጡት ሰዎች ስም የት አለ? የክለብ ጓደኞችዎ በሕይወት ካሉ አንድ ቅዳሜ ሰብስበዋቸው በየትኛው መንገድ፣ ከየትኞቹ ክለቦች ጋር፣ በምን ዓይነት ብስክሌት፣ በምን ደመወዝና በምን ስንቅ እንደተወዳደራችሁ በድምፅ ይቅረጹት፤ ከዚያ ይጻፉት። ይህ ዝግጅት ክፍል ቢደርሰው በደስታ ያትመዋል። ብስክሌቷ ብትገኝም ባትገኝም ይህ ሥራ መሠራት ያለበት ነው።

ወደ ፍለጋው እንለፍ። መፈለግዎን አይተዉ፤ የሚፈልጉትን ነገር ግን ይለውጡ። የሌባው ዕውቀት ምን ያህል እንደሆነ መገመት ይጠቅማል። ብስክሌት የሚያውቅ ሌባ ከሆነ እንደዚህ ያለች የምትለይ ነገር እንዳለች አይሸጥም፤ ይፈታታታል። የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ቀለሟ የተላጠ አሮጌ ብረት ናትና ለቆራሌው በኪሎ ሊሸጣት ይችላል። በሁለቱም መንገድ ሙሉ ብስክሌት ሆና የመገኘቷ ዕድል ጠባብ ሲሆን፣ ክፍሎቿ የመገኘታቸው ዕድል ሰፋ ያለ ነው። ስለዚህ ምናለሽ ተራና ያገለገሉ የብስክሌት ዕቃዎች ወደሚሸጡባቸው ሌሎች ቦታዎች ሲሄዱ ውሃ ሰማያዊ ፍሬም ብቻ አይፈልጉ፤ ያችን ጫፏ የጎደጎደ የማርሽ መቀየሪያ፣ ያንን የቆዳ ኮርቻ ይፈልጉ። ሌላ ምልክት ልስጥዎ፦ በጣሊያን ልክ የተሠሩ አሮጌ ፍሬሞች የፔዳሉ ዘንግ ኩሽኔታ የሚገባበት ጥርስ በሁለቱም ወገን ወደ ቀኝ የሚጠብቅ ሲሆን፣ በእንግሊዝ ልክ በተሠሩት ላይ ግን የቀኙ ወገን ወደ ግራ ይጠብቃል። ቀለሟን አስቀይረው ቢያመጡልዎ እንኳ ልምድ ያለው መካኒክ ይህን አይቶ ቢያንስ የጣሊያን መሆን አለመሆኗን ይነግርዎታል። ከሁሉም በላይ የታመነው ምልክት የፍሬሙ ቁጥር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከፔዳሉ መጋጠሚያ በታች ወይም ከኮርቻው ምሰሶ አጠገብ ይመታል። አሮጌ ደረሰኝ ወይም ማስታወሻ ላይ ሰፍሮ ካገኙት ለፖሊስ ጣቢያው በጽሑፍ ያስገቡት።

ተስፋ እንዳይቆርጡ አንድ እውነተኛ ታሪክ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2021 በፈረንሳይዋ ሩቤ የትራክ የዓለም ሻምፒዮና ሲካሄድ የጣሊያን ብሔራዊ ቡድን ብስክሌቶች በሌሊት ከመኪናቸው ተሰረቁ፤ ከእነርሱም መካከል የፊሊፖ ጋና በወርቃማ ቀለም ያሸበረቀች ብስክሌት ነበረች። ብዙዎች ጠፉ ብለው ተስፋ ቆረጡ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ሩማንያ ውስጥ በፖሊስ ተገኙ። በዓለም ላይ ጥቂት ብቻ ያሉ፣ ማንም በቀላሉ የሚለያቸው ብስክሌቶች ለሌባ ጭንቅ ናቸው፤ የእርስዎም በራሷ መጠን እንዲሁ ናት።

ሕጉን በተመለከተ አጭር መልስ ልስጥ። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ስርቆትን እንደ ነገሩ ሁኔታ በቀላል እስራት ወይም ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ወይም መጠርጠር ሲገባው የገዛ ወይም የደበቀ ሰውም በራሱ ወንጀል ይጠየቃል። በፍትሐ ብሔሩ በኩል ደግሞ የ1952ቱ ሕግ ሁለት ነገሮችን ይላል። አንደኛ፣ ተንቀሳቃሽ ዕቃን በእጁ ይዞ የተገኘ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል፤ ስለዚህ ብስክሌቷ የእርስዎ መሆኗን የማስረዳት ሸክሙ በእርስዎ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ የተሰረቀ ዕቃ ባለቤት በቅን ልቦና ከገዛ ሰው እጅ እንኳ ዕቃውን የመጠየቅ መብት አለው፤ ገዢው ግን በገበያ ወይም ተመሳሳይ ዕቃ ከሚሸጥ ነጋዴ በቅንነት ገዝቶ ከሆነ የከፈለውን ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል። በተግባር ይህ ማለት ብስክሌትዎን መንገድ ላይ በአንድ ወጣት ሥር ቢያዩ ዘለው እጀታዋን መያዝ የለብዎትም ማለት ነው። ልጁ ላቡን አፍስሶ የገዛት ሊሆን ይችላል፤ ጭቅጭቁም ወደ ድብድብ ሊያመራ ይችላል። ስሙንና የሚሠራበትን ቦታ በጨዋ ደንብ ይጠይቁ፤ ከዚያ ፎቶግራፎችዎንና እርስዎን በብስክሌቷ ላይ ለዓመታት ያዩ ጎረቤቶችዎን ምስክር ይዘው ወደ ፖሊስ ይሂዱ። ብስክሌት ሆና የምትገኝ ከሆነ ለክርክሩ የሕግ ባለሙያ ማማከሩ ወጪውን ያካክሳል።

በመጨረሻ በዚህ ዕድሜ መጋለብ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ደም ግፊትና ልብ መታየት አለባቸው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በየትንፋሹ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ይህን ጤናማ ሰው ለምዶት ይኖራል እንጂ የታመመ ልብ አይሸከመውም። ሐኪሙ ከፈቀደ ግን ብስክሌት ለጉልበት መገጣጠሚያ ከሩጫ ይልቅ ይራራል። ስለ አጥንት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ለረጅም ዓመታት በመንገድ ላይ የጋለቡ ሰዎች የታችኛው የጀርባ አጥንታቸው ከሌሎች ስፖርተኞች ይልቅ የሳሳ ሆኖ ይገኛል፤ ብስክሌቱ ክብደታቸውን ስለሚሸከምላቸው ነው። ስለዚህ ከብስክሌቱ በተጨማሪ በእግር መሄድና ቀለል ያለ ሸክም ማንሳት ያስፈልግዎታል።

ስለ ዳገቱ ደግሞ ምሥራች አለኝ። በእርስዎ ዘመን ብስክሌት ላይ የፊቱ ትንሹ ማርሽ 42 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ ምናልባት 21 ጥርስ ነበረው፤ ስለዚህ በቀላሉ ማርሽ እንኳ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ቸርኬ ሁለት ጊዜ ይዞር ነበር። በዛሬ ጊዜ በቀላሉ የሚገኘው ጥምረት 34 በ32 ነው፤ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ቸርኬው ከአንድ ጊዜ እምብዛም አልፎ አይዞርም። ቀስ ብለው ይወጣሉ፤ ይወጣሉ ግን። በወጣትነትዎ በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ ሲወጡ ቆመው በክንድዎ ጭምር የሚጎትቱት ዳገት ዛሬ ተቀምጠው የሚያልፉት ይሆናል። ይህን የማርሽ ለውጥ እንደ ሽንፈት የሚያዩ አሮጌ ጋላቢዎች አውቃለሁ፤ እኔ በበኩሌ ጉልበትን ለኩራት መሠዋት አይታየኝም።

ከተማ ውስጥ ከመኪና ጋር እንዳይጋፉ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩትን የብስክሌት መስመሮች ይጠቀሙ፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በተወሰኑ እሑዶች መንገድ ለመኪና በሚዘጋበት «መንገድ ለሰው» ዕለት ደግሞ ሰፊውን አስፋልት ያለ ስጋት ያገኙታል። ልጆችዎ የሚገዙልዎትን እሺ ይበሉ፤ ልክዎን የያዘውን ወረቀት ግን እርስዎ ራስዎ ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄ፦

«የምኖረው በአሜሪካ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ይኖራል፤ በደርግ ዘመን ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር፤ ብስክሌቱ ከተሰረቀ ወዲህ ከቤት አይወጣም። ከወንድሞቼ ጋር ተነጋግረን ጥሩ ካርቦን ብስክሌት ገዝተን በድንገት ልንልክለት አስበናል። ምን ዓይነት ብትመክሩን?»

ሰ.ተ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

እህታችን፣ ሐሳባችሁ መልካም ነው፤ «በድንገት» የሚለውን ግን ተዉት። የተወዳደረ ሰው ብስክሌት እንደ ጫማ ነው፤ ልኩ ሳይታወቅ ቢገዛለት በስጦታ ስም ጥግ ላይ ይቆማል፤ አባትዎ ደግሞ ልጆቹን ላለማስከፋት «ጥሩ ነው» ይላል እንጂ አይጋልበውም። ከላይ ለአቶ ተ.ወ. የጻፍነውን የእግር አለካክ አንብቡለትና ቁጥሩን ከራሱ ተቀበሉ። እግረ መንገዱን ስለ ብስክሌት ማውራት ይጀምራል፤ ይህም ከቤት እንዲወጣ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው።

ካርቦን አልመክርም። ቀላል ነው፤ ሲወድቅ ወይም ሲመታ ግን ከውጭ የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል፤ ይህን መርምሮ የሚያረጋግጥ ባለሙያ አባትዎ ሰፈር አያገኝም። በባትሪ የሚሠራ ማርሽና በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬንም ይቅሩባችሁ፤ ሁለቱም ድንቅ ናቸው፤ ሲበላሹ ግን አባትዎን ቁጭ ያደርጉታል። የብረት ወይም የአሉሚኒየም ፍሬም ያለው፣ በገመድ የሚሠራ ማርሽና ቸርኬውን በጎማ ቆንጥጦ የሚይዝ ፍሬን ያለው፣ 28 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጎማ የሚቀበል ብስክሌት ፈልጉ። በዚህ ዓይነት የተሠራ ጥሩ ያገለገለ ብስክሌት ከርካሽ አዲስ ካርቦን ይበልጣል።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳትን ነገር ልንገራችሁ። የኮርሳ (የውድድር) ብስክሌት ከመነዳሪ ቫልቭ ቀጭን ነው፤ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ግን ለመኪናው ወፍራም ቫልቭ የተሠራ ስለሆነ አይገጥምለትም። በቀጭኑ ላይ ተጠምዝዛ ወፍራም የምታደርገው ትንሽ የነሐስ ማገናኛ አለች፤ ዋጋዋ ኢምንት ነው። ጥቂት ማገናኛዎች፣ አንድ የእጅ መንፊያ፣ በርከት ያሉ ከመነዳሪዎች፣ ሁለት መለዋወጫ ጎማዎችና አንድ ሰንሰለት አብራችሁ ላኩ። ያለ እነዚህ የተላከ ብስክሌት የመጀመሪያው ሚስማር እስኪወጋው ድረስ ብቻ ነው የሚያገለግለው።

የተሰረቀው ብስክሌት ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ ካላችሁ አሳትማችሁ ስጡት። በነገራችን ላይ አሮጌ ኮርሳ ብስክሌት ተገኝቶ «ለቤት ማስጌጫ ግድግዳ ላይ እንስቀልልህ» የሚል ልጅ ካለ ይከልከል። የቡና ቤት ባለቤቶች እንዲህ ሲያደርጉ አያለሁ፤ በእኔ አስተያየት የሚሄድን ነገር መስቀል ከስርቆት በጥቂቱ ቢሻል ነው።

ጥያቄ፦

«ባሕር ዳር የምኖር ተማሪ ነኝ። እንደምታውቁት እዚህ ከተማ ብስክሌት የሌለው ሰው ጥቂት ነው። አንድ ሰው ያገለገለ ኮርሳ ብስክሌት ከገበያው በግማሽ ዋጋ ሊሸጥልኝ ፈልጓል። የተሰረቀ እንዳይሆን ሰጋሁ፤ በምን አውቃለሁ?»

መ.አ.፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦

ወንድማችን፣ ግማሽ ዋጋው ራሱ የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ ከላይ እንደገለጽነው ሕጉ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛን ሰው ብቻ ሳይሆን መጠርጠር ሲገባው ያልጠረጠረንም ይጠይቃል። ከዚያ በተረፈ ሻጩን በብስክሌቱ ላይ አስቀምጠው። ኮርቻው ለእግሩ በጣም ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ ከሆነ ሲጋልበው የኖረው እርሱ አይደለም። የትኛው ማርሽ ላይ ሰንሰለቱ እንደሚዘል፣ የኋላ ፍሬኑ ገመድ መቼ እንደተቀየረ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የት እንዳሠራው ጠይቀው፤ ባለቤት የሆነ ሰው ስለ ብስክሌቱ ሕመም ከሚፈለገው በላይ ያወራልሃል። ገልብጠህ ከፔዳሉ መጋጠሚያ በታች ያለውን ቁጥር ተመልከት፤ በፋይል ተፍቆ ወይም በአዲስ ቀለም ተሸፍኖ ከሆነ ብስክሌቱን አስረክበህ ሂድ።

ሁሉም መልካም ሆኖ ከተገኘ የመታወቂያውን ፎቶ ኮፒ ተቀበል፤ ሁለት ምስክሮች ባሉበት የፍሬሙን ቁጥር የያዘ የሽያጭ ውል ተፈራረሙ። በዚያው ቀን ቁጥሩንና መላውን ብስክሌት በስልክህ ፎቶግራፍ አንሥተህ ለሌላ ሰውም ላክ፤ ስልኩም ሊሰረቅ ይችላልና። ስታስረውም ሰንሰለቱን በፊተኛው ቸርኬ ብቻ አታሳልፈው፤ የፊተኛው በአንድ እጀታ ስለሚፈታ ሌባው ቸርኬውን ለአንተ ትቶ ቀሪውን ይዞ ይሄዳል። በፍሬሙና በኋለኛው ቸርኬ አሳልፈህ ከማይነቀል ብረት ጋር እሰረው።